የሳን ካሻኖ ነሐሶችና ያልተነካው መቃብር፦ ስለ ኤትሩስካውያን ምን አዲስ ነገር አወቅን?

ጥያቄ፦ «ጣሊያን ውስጥ ከፍል ውሃ ጭቃ ብዙ የነሐስ ምስሎች፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ለ2600 ዓመት ያልተከፈተ የኤትሩስካውያን መቃብር መገኘቱን አነበብኩ። እውነት ታሪካቸውን የሚቀይር ነገር ነው? ከትንሿ እስያ ፈልሰው የመጡ ናቸው የሚባለውስ ተረጋገጠ? ጽሑፋቸው አይነበብም ሲባልም እሰማለሁ።»

ምላሽ፦ አዎ፣ የሚቀይሩት ነገር አለ፤ ዜናው «ምስጢራቸው ተፈታ» እያለ በሚያወራበት በኩል ግን አይደለም። ከትንሿ እስያ መጡ የሚለውን የዲኤንኤ ጥናት አልደገፈውም። ጽሑፋቸው ድሮም ይነበባል፤ የሚያስቸግረው መረዳቱ ነው። አዲሶቹ ግኝቶች ክብደት ያገኙት ዕቃዎቹ ባለቤቶቹ ባስቀመጧቸው ቦታ፣ የሰው እጅ ሳይገባባቸው በመገኘታቸው ነው። የኤትሩስካውያን ዕቃ አላጠረንም፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ሙዚየሞች በሸክላቸውና በነሐሳቸው ተሞልተዋል። አብዛኛው ግን ከየትኛው መቃብር፣ ከማን አጠገብ፣ ከምን ጋር እንደወጣ የሚናገር መዝገብ የለውም።

ለመንደርደሪያ ያህል፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ቅ.ል.ክ.» ማለት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው። ኤትሩስካውያን የኖሩት በመካከለኛው ጣሊያን፣ በአርኖና በቲቤር ወንዞች መካከል ነው፤ ዛሬ ቶስካና፣ ምዕራብ ኡምብሪያና ሰሜን ላዚዮ የሚባለው አገር። በቁፋሮ ከ900 ቅ.ል.ክ. ገደማ ጀምሮ ይታያሉ። ከተሞቻቸው ተራ በተራ በሮም እጅ ከወደቁ በኋላ በ90 እና በ89 ቅ.ል.ክ. በወጡ ሕጎች የሮም ዜጎች ሆኑ።

የፍል ውሃው ስለት

ሳን ካሻኖ ዴይ ባኚ በሲየና አውራጃ፣ ከሮም በስተሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ የምትታወቀውም በፍል ውሃዋ ነው። ቁፋሮው በ2019 ተጀመረ። በኖቬምበር 2022 በተሰጠው መግለጫ ከጥንታዊው ገንዳ ሥር 24 የነሐስ ምስሎችና ወደ 5000 የሚጠጉ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች መውጣታቸው ታወቀ። አምስቱ ምስሎች አንድ ሜትር ገደማ ይቆማሉ። የተሠሩት ከ2ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. እስከ 1ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ጥናቱን የሚያስተባብሩት በሲየና የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ያኮፖ ታቦሊ ናቸው። በ1972 ከካላብሪያ ባሕር ከወጡት ሁለቱ የሪያቼ ነሐሶች ጋር ያነጻጸሩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ንጽጽሩ ትንሽ ያሳስታል ባይ ነኝ፤ የሪያቼዎቹ ውብ ቢሆኑም ማን እንደሠራቸውና ለየትኛው ቦታ እንደተሠሩ የሚነግረን ነገር አብሯቸው አልወጣም። የሳን ካሻኖዎቹ ግን የተሳዩን ስም፣ የተቀበለውን ውሃ፣ አብሮ የተጣለውን ሳንቲምና ቅርንጫፍ ሁሉ ይዘው ነው የወጡት።

የቦታው ሥራ ጸበልና ስለት ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። የታመመ ሰው ይመጣል፣ በፍል ውሃው ይታጠባል፣ ይሳላል፤ ሲሻለው ስለቱን ያገባል። ስለቱ ብዙ ጊዜ የታመመው አካል ቅርጽ ነው፦ እግር፣ ክንድ፣ ጆሮ፣ ማሕፀን። የሆድ ዕቃን ተደርድሮ የሚያሳይ የነሐስ ሰሌዳም ተገኝቷል። በ2024 ከወጡት ውስጥ ዓይን የሚስበው ከላይ እስከ ታች በቀጥታ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ግማሽ የወንድ አካል ነው፤ ጋዩስ ሮስኪዩስ የተባለ ሰው ለፍል ውሃው ምንጭ እንደሰጠው ራሱ ላይ በላቲን ተጽፏል። የተሰበረ ምስል አይደለም፤ ሆን ተብሎ ግማሽ ሆኖ የተሠራ ነው።

በሌሎቹ የመካከለኛው ጣሊያን መቅደሶች እንዲህ ያለው የአካል ስለት በብዛት የሚገኘው ከሸክላ ተሠርቶ ነው። እዚህ ነሐስ ሆኖ በዚህ ብዛት መገኘቱ የሚመጡት ሰዎች አቅም እንደነበራቸው ይጠቁማል። ይሁን እንጂ ሌላው ቦታ ነሐስ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነሐስ ሁልጊዜ ይፈለጋል፣ መሬት ላይ የቀረ ሁሉ ቀልጦ ሌላ ነገር ሆኗል። ሳን ካሻኖ የተረፈው ተዘግቶበት ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ አሮጌዎቹ ስለቶች በገንዳው ሥር ተደርገው የጣሪያ ሸክላ ተነጠፈባቸው፣ ከላያቸው መቅደሱ ሥራውን ቀጠለ። ክርስትና ከተስፋፋ በኋላ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቦታው ሲዘጋ ደግሞ የሕንፃው ዓምዶች በገንዳዎቹ ላይ ተጋደሙ።

ታሪክን በተመለከተ ትልቁ ነገር ያለው በጽሑፎቹ ውስጥ ነው። ኤትሩስክኛና ላቲን በአንድ ገንዳ ውስጥ ተገኝተዋል። ከስለት ሰጪዎቹ መካከል ከፔሩጃ የሚታወቀው የቬሊምና ቤተሰብ፣ ከሲየና አካባቢ የሚታወቀው የማርክኒ ቤተሰብ ስሞች አሉ። የቬሊምናዎች መቃብር ፔሩጃ ውስጥ በ1840 የተገኘ ስለሆነ ቤተሰቡን እናውቀዋለን። እነዚህ ሰዎች እዚህ የመጡበት ዘመን ሮም ካመፁባት የጣሊያን አጋሮቿ ጋር የተዋጋችበት፣ በኋላም የሮም ጦር መሪው ሱላ የኤትሩስካውያንን መሬት ነጥቆ ለወታደሮቹ ያከፋፈለበት ነው። የሮም ጸሐፊዎችን ብቻ ለሚያነብ የኤትሩስክ ሰው በዚያ ዘመን የጠፋ ይመስለዋል። ገንዳው የሚያሳየው የድሮዎቹ ባለጸጎች በራሳቸው ቋንቋ ሲሳሉ፣ ላቲን ተናጋሪውም እዚያው ውሃ አጠገብ ቆሞ ሲሳል ነው።

የ2024ቱ ዘመቻ መቅደሱን የከበበውን የቅጥር ግንብ፣ አንድ ሜትር የሚጠጋ የነሐስ እባብ፣ የወርቅ አክሊልና ቀለበት፣ ወደ 10 ሺህ የሚደርሱ ሳንቲሞች፣ ቅርንጫፎችና የጥድ ፍሬዎች ጨምሯል። እንቁላልም ወጥቷል፤ አንዳንዱ አስኳሉ ሳይቀር ይታያል።

ጭቃው ለምን ጠበቀው? ሲወጣስ ምን ያጠፋዋል?

እንቁላል ሁለት ሺህ ዓመት የሚቆየው ጭቃው ኦክስጅን ስለማያስገባ ነው። ውሃው ወደ 40 ዲግሪ ይሞቃል፣ ማዕድን ይበዛበታል፣ ደለሉ ደግሞ እንደ ክዳን ይዘጋል። ምንጩ ስለማይቆም በእንዲህ ያለ ቦታ የሚቆፈረው ውሃው በፓምፕ እየተሳበ ነው፤ ፓምፑ ከቆመ ጉድጓዱ ይሞላና የደለሉ ንብብር ይደባለቃል። ንብብር ከተደባለቀ ሳንቲሙ የየትኛው ምስል ጎረቤት እንደነበር ማወቅ ያበቃል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ከመነሣቱ በፊት ቦታው ከብዙ ማዕዘን ፎቶ ተነሥቶ ባለ ሦስት ገጽታ ቅርጹ በኮምፒዩተር ይሠራል፣ ከዚያ የወጣው ጭቃ በሙሉ በውሃና በወንፊት ይጣራል። ዘር፣ የእንቁላል ቅርፊትና ጥቃቅን የብረት ቁራጭ የሚገኘው ወንፊቱ ላይ ነው።

ለነሐስ አደገኛው ጊዜ ከጭቃው የወጣበት ነው። በነሐሱ ውስጥ የተደበቀ የመዳብ ክሎራይድ አየርና እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ አዲስ መዳብ ይበላል፣ ከተበላው ደግሞ ሌላ ክሎራይድ ይወለዳል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ባለሙያዎቹ የነሐስ በሽታ ይሉታል። ምልክቱ በነጥብ በነጥብ የሚወጣ፣ በእንጨት ጫፍ ሲነካ የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ነው። ጤነኛው የነሐስ ሽፋን ጠንካራና ለስላሳ ስለሆነ በዚህ ይለያል። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦ ዕቃው በፍጥነት እንዲደርቅ አይፈቀድም፤ ጭቃው በማይክሮስኮፕ ሥር በእንጨት ስንጥርና በቀጭን ምላጭ ይነሣል፤ ስንጥቁና የውስጥ ጥገናው በራጅ ይታያል፤ ጨው እንዲወጣለት ይታጠባል፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዞትራያዞል የተባለ የመዳብን መበላት የሚገታ ኬሚካል 3 በመቶ በአልኮል ተበጥብጦ ዕቃው ይነከርበታል፣ በመጨረሻም መከላከያ ይቀባል። ይህ ሁሉ ተደርጎም የማሳያ ሣጥኑ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች ካልሆነ በሽታው ሊመለስ ይችላል። በችኮላ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ለፎቶ የተወለወለ ነሐስ ከወራት በኋላ ፊቱ ይረግፋል።

እንጨትና ቅርንጫፍ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሴላቸውን ሞልቶ የያዘው ውሃ ነው፤ ውሃው ዝም ብሎ ከተነነ ይኮማተራሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ሰም የመሰለ ኬሚካል ቀስ በቀስ የውሃውን ቦታ እስኪይዝ በእርጥበት ይቆያሉ፤ ይህ ወራት፣ ለትልልቅ ዕቃ ዓመታት ይፈጃል።

ሳንቲሞቹ ጊዜ ይነግሩናል፣ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ሳንቲም ከተቀረጸበት ዓመት በፊት ወደ ገንዳው ሊገባ አይችልም፤ ከ50 ዓመት በኋላ ግን ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አንድ ንብብር የሚዳኘው በውስጡ ባለው በመጨረሻው ሳንቲም ነው፤ መልኩ ምን ያህል እንዳለቀም አብሮ ይታያል።

ሳን ጁሊያኖ፦ አራት ሰዎች፣ መቶ ዕቃ

ሁለተኛው ያነበቡት በ2025 የተነገረው የሳን ጁሊያኖ መቃብር ይመስለኛል። ቦታው ከሮም ሰሜን ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባርባራኖ ሮማኖ ከምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ከ2016 ጀምሮ የሚያጠናው በአሜሪካው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ሲሆን ዳይሬክተሩ ዳቪዴ ዞሪ ናቸው። ቡድኑ በአካባቢው ከ600 በላይ መቃብሮችን መዝግቧል። በዚህኛው የተለየው ሌባ አለመግባቱ ነው፤ ሌሎቹ የክፍል መቃብሮች ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ሲበረበሩ ኖረዋል። መቃብሩ ቱፎ ከሚባለው ለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣ ክፍል ነው። አራት ሰዎች ከዚያው ድንጋይ በተቀረጹ አልጋዎች ላይ ተጋድመዋል፤ ዙሪያቸውን የሸክላ ዕቃ፣ የብረት መሣሪያ፣ የነሐስ ጌጥና ከብር የተሠሩ ስስ የፀጉር ጌጦችን ጨምሮ ከ100 በላይ ዕቃ አለ። ዘመኑ 7ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ነው።

ዘመኑ እንዴት ታወቀ ቢሉ፣ በካርቦን 14፣ ማለትም በአጥንት ውስጥ በቀረው ካርቦን ዕድሜ በሚለካበት ዘዴ፣ አይመስልዎ። ከ750 እስከ 400 ቅ.ል.ክ. ባለው ጊዜ የካርቦኑን ልክ ወደ ዓመት የሚመልሰው የማስተካከያ መስመር ጠፍጣፋ ነው፤ በዚያ መካከል የሞተ ሰው አጥንት ላብራቶሪው በትክክል ቢለካው እንኳ መልሱ «ከ750 እስከ 400» ሆኖ ይመጣል። ያ ማለት የኤትሩስካውያን ደማቁ ዘመን በሙሉ ማለት ነው። የሚያዋጣው ሸክላ ነው። ቡኬሮ የሚባለው ጥቁር ሸክላቸው ምድጃው አየር ተከልክሎ ስለሚተኮስ እስከ ውስጡ ጥቁር ይሆናል፤ የ7ኛው ክፍለ ዘመኑ ግድግዳው ስስ፣ የ6ኛው መጨረሻ ወፍራምና ጌጥ የበዛበት ነው። አብሮ የመጣ የግሪክ ሸክላ ካለ ዘመኑ ይበልጥ ይጠብባል።

ስለ አራቱ ሰዎች የተነገረው «ምናልባት ሁለት ጥንድ፣ ወንድና ሴት» የሚል ቅድመ ግምት ነው። በዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል፤ በ2013 ታርኩዊኒያ በተባለችው የኤትሩስካውያን ከተማ የሆነው ምሳሌ ነው። የቱሪን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ያልተነካ መቃብር ከፍቶ በትልቁ አልጋ ላይ አጽም፣ ከአጽሙ አጠገብ ጦር፣ በትንሹ አልጋ ላይ የተቃጠለ አጥንትና የጌጥ ሣጥን አገኘ። ጦር ያለው ወንድ፣ ጌጥ ያለው ሴት ተብሎ «የጦረኛው ልዑል መቃብር» በሚል ዜናው ዓለምን ዞረ። አጥንቱ ሲመረመር ባለ ጦሩ አጽም ከ35 እስከ 40 ዓመት የሆናት ሴት ሆነ፤ የተቃጠለው ደግሞ ወንድ። ጾታን በዕቃ መወሰን የቆየ ልማድ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተቆፈሩ ብዙ መቃብሮች አጥንታቸው ተጥሎ ዕቃቸው ብቻ ስለተወሰደ ያኔ የተሰጣቸውን ጾታ ዛሬ ማረጋገጥ አይቻልም።

ከየት መጡ?

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ከልድያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ፣ በረሃብ ተሰድደው የመጡ ናቸው ብሎ ጻፈ። ሌላው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ የሃሊካርናሱሱ ዲዮኒሲዩስ ደግሞ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የአገሩ ተወላጆች ናቸው አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዛሬ ቶስካና ውስጥ ከሚኖሩ ሰዎች በተወሰደ ናሙና ሄሮዶቱስን የደገፉ ጥናቶች ወጥተው ነበር። ድክመታቸው ግልጽ ነው፦ የዛሬ ነዋሪ የሁለት ሺህ ዓመት ቅልቅል ተሸክሟል። በ2021 ኮዚሞ ፖስትና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ከጥንት አጽሞች ነው የተነሣው፤ ከ12 ቦታዎች፣ ከ800 ቅ.ል.ክ. እስከ 1000 ዓ.ም. የኖሩ 82 ሰዎች። ኤትሩስካውያኑ በዘራቸው ከጎረቤቶቻቸው ከላቲኖች ጋር ይመሳሰላሉ፤ በቅርብ ዘመን ከትንሿ እስያ የመጣ ቅልቅል አልታየባቸውም። የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዘር በብዛት የገባው በሮም ንጉሠ ነገሥታት ዘመን ነው፤ ያኔ የሕዝቡ ዘር ግማሽ ያህል ተለውጧል።

ይህ አንዱን ጥያቄ ሲመልስ ሌላ ጥያቄ ጥሏል። ዘራቸው ውስጥ ከጥቁር ባሕር ሰሜን ካለው የሣር ምድር የመጣው ወገን ድርሻ አለ፤ የሕንድ-አውሮፓ ቋንቋዎችን ወደ አውሮፓ አመጣ የሚባለው ይኸው ወገን ነው። ቋንቋቸው ግን የሕንድ-አውሮፓ አይደለም። መጤዎቹ የነባሩን ሕዝብ ቋንቋ ወሰዱ ማለት ይሆናል። አንድ ቀዳዳም አለ፦ ከ800 ቅ.ል.ክ. በፊት የነበሩት በብዛት ሬሳ ያቃጥሉ ነበር፣ የተቃጠለ አጥንት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዲኤንኤ አይሰጥም። የመጀመሪያው ዘመን በናሙናው ውስጥ የሌለው ለዚህ ነው።

ጽሑፉ

ፊደላቸውን ከግሪክ ወስደው በብዛት ከቀኝ ወደ ግራ ጽፈውበታል፤ ማንኛውም ተማሪ በሳምንት ያነበዋል። ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ጽሑፍ ቢኖርም አብዛኛው የመቃብር ስም ወይም «እገሌ ሰጠኝ» የምትል አጭር የስለት ቃል ነው። «ቱርኬ» ማለት «ሰጠ» መሆኑ፣ የዘመድና የቁጥር ስሞች ይታወቃሉ። ረጅም ጽሑፍ ነው የጠፋው። ረጅሙ ዛግሬብ ሙዚየም ያለው፣ ግብፅ ውስጥ ተቀድዶ አስከሬን የተጠቀለለበት የበፍታ መጽሐፍ ሲሆን 1200 ያህል የሚነበብ ቃል አለው፤ እሱም የሥርዓተ አምልኮ መዝገብ ነው። በ1964 የኤትሩስካውያን ወደብ በነበረችው ፒርጂ የተገኙት ሦስት የወርቅ ሰሌዳዎች በኤትሩስክኛና በፊንቄ ስለተጻፉ ብዙ ረድተዋል። ፊንቄ የግዕዝ ዘመድ ሴማዊ ቋንቋ ስለሆነ ያ ወገን ግልጽ ነው፤ ግን ሁለቱ ቃል በቃል አይገጥሙም። በ2016 ፖጆ ኮላ ላይ በመቅደስ መሠረት ውስጥ ተቀብሮ የተገኘው 227 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይም የኡኒን፣ የታላቋን እንስት አምላካቸውን ስም አስገኝቷል። የሳን ካሻኖ ጽሑፎች አጭር ቢሆኑም በአንድ ቦታ፣ ለአንድ ምንጭ የተጻፉ ስለሆኑ እርስ በርስ ይተረጓጎማሉ።

ሌሎቹን አዲስ ግኝቶች ላንሣቸውና ልለፍ። ቩልቺ በተባለችው የኤትሩስካውያን ከተማ የፍራይቡርግና የማይንዝ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድን መሬት ሳይቆፍር በመሣሪያ ዳስሶ ካየ በኋላ 45 በ35 ሜትር የሆነ ትልቅ መቅደስ አግኝቷል። ከቦልሴና ሐይቅ ሥር፣ ግራን ካሮ ከሚባለው መንደር፣ ያልተጠናቀቀች የሸክላ ሴት ምስል ወጥታለች፤ የሠሪው የጣት አሻራ ላይዋ ላይ አለ። ኮርሲካ ላይ አሌሪያ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የተሠራ መቃብር በ2018 እና 2019 ተቆፍሯል። በ2024 ደግሞ የጣሊያን ፖሊስ ቺታ ዴላ ፒዬቬ አጠገብ በድብቅ ተቆፍረው ለጥቁር ገበያ የተዘጋጁ፣ በትንሹ 8 ሚሊዮን ዩሮ የተገመቱ የፑልፍና ቤተሰብ የአመድ ሣጥኖችና የሬሳ ሣጥኖችን ያዘ። ዕቃው ተመልሷል፤ መቃብሩ ውስጥ እንዴት ተደርድሮ እንደነበር የሚያሳይ የቁፋሮ መዝገብ ግን የለውም።

የሳን ጁሊያኖ ውጤት ሲታተም ሦስት ነገር ይፈልጉ። የመጀመሪያው ጾታ በአጥንትና በዲኤንኤ ተለየ ወይስ በዕቃ የሚለው ነው። ሁለተኛው ናሙናው ከየት እንደተወሰደ፤ የውስጥ ጆሮን ከያዘው ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት ከሆነ ተስፋ አለው፣ የእሳተ ገሞራ አፈር ሌላውን አጥንት ይጎዳዋልና። ሦስተኛው በአራቱ መካከል ያለው ዝምድና ነው፤ ባልና ሚስት ናቸው የተባሉት ወንድምና እህት ሆነው ቢገኙ የመቃብሩ ትርጉም በሙሉ ይለወጣል።